መልስ፦ ለቲንክፓድ ቲ450 ላፕቶፕ የትኛው ኤስኤስዲ ያዋጣል?

ሰላም ወንድም። በሃርድ ዲስኩ ፋንታ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ልግዛ ወይ ላልከው፣ ተወው። ፍጥነቱን አይተህ መጎምጀትህ አይፈረድብህም፤ ግን ቲ450 ሃርድ ዲስኩ ቦታ ላይ የሚቀበለው ሳታ የሚባለው የቆየ ማገናኛ ያለውን ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ነው። ውፍረቱም 7 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ሳታ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። አይክፋህ። አሁን ዊንዶውስህን የሚያንቀራፍፈው ሃርድ ዲስኩ እየተሽከረከረ ትናንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ የሚያባክነው ጊዜ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ልዩነቱን ገና ስታበራው ታየዋለህ።

ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት ካልክ 500 ጊጋ ይበቃሃል። 120ው ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ይሞላብሃል። የተረፈህን ብር ራም ላይ አውለው፤ በ4 ጊጋ መንገታገት እኮ ራሱን የቻለ ስቃይ ነው። ራሙን ስትገዛ ዲዲአር3ኤል የሚባለውን ዓይነት ጠይቅ።

ሳምሰንግ 870 ኢቮ ወይም ክሩሻል ኤምኤክስ500 ካገኘህ አታመንታ። የ870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፤ አንተ ያን ያህል አትጽፍም። ያገለገለ ከሆነ ግን ብር ከመክፈልህ በፊት ሻጩ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ከፍቶ የጤንነቱን ፐርሰንትና እስካሁን የተጻፈበትን መጠን ያሳይህ። «አዲስ ነው ባክህ» ብሎ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ስትገጥመው ደግሞ ቲ450 ውስጡም ሌላ ባትሪ አለው። የኋላውን ነቅለህ ጠፍቷል ብለህ እንዳትፈታው። መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ የውስጡን ባትሪ አጥፋ።