ዘመናዊነትን ተምሬ ተመረቅሁ፤ የት ልሽጠው?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የመንዝ ልጅ ናት። እንዲህ ትላለች፦ «በ2016 ዓ.ም. በሶሺዮሎጂ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ዘመናዊነት ማኅበራዊ ኑሮን፣ ኢኮኖሚንና ጤናን እንዴት እንደሚቀይር ነው። ይህን እውቀት የሚገዛኝ ግን አጣሁ። አንድ የልብስ ፋብሪካ በሰው ሀብት ረዳትነት ጠርቶኛል፤ ደሞዙ ትንሽ ነው። ልግባ ወይስ ማስተርሴን በጤና ልቀጥል?»

እህቴ፣ ግቢ። ማስተርሱ ይቆይ።

በሃንድአውት ያነበብሽው ነገር ሁሉ ከአክስትሽ ደጅ ላይ እየሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ሲባል ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ብርድ ልብሱ ነበር የሚታወቀው። ዛሬ ቢራው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። የጠራሽ ፋብሪካ ደግሞ አንድ ራስ ምታት እንዳለበት እገምታለሁ፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የተለመደ ነው። ሠራተኛ አይበረክትለትም። ሥራ አስኪያጁን ብትጠይቂው «ሰነፎች ናቸው፣ ሥራ አይወዱም» ሊልሽ ይችላል።

አንቺ ግን እነዚያን ልጆች ታውቂያቸዋለሽ። ከመንዝ ወይ ከሞጃ ትመጣለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ትከራያለች። ጠዋት ሳትበላ ትወጣለች፣ ማታ ሽሮ ነው። ከደሞዟ ኪራዩ ይቀነሳል፣ ዕቁቡ ይቀነሳል፣ ለእናቷ ደግሞ በቴሌብር ትልካለች። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት በጨለማ መንገዱን ትፈራዋለች። ኅዳር ላይ አጨዳው ሲደርስ አባቷ ይደውላል፤ ትሄዳለች። ስትመለስ ሥራው የለም። ይህ ስንፍና ነው? ሂሳቡ አልመጣ ብሏት ነው እንጂ!

እና ሥራሽ እዚህ ላይ ይጀምራል። አንድ ደብተር ያዢ። የለቀቀችውን ሁሉ ከመውጫዋ በፊት አናግሪ፦ ከየት መጣች፣ ስንት ወር ሠራች፣ ከማን ጋር ትኖራለች፣ ለምን ሄደች። የሕመም ፈቃዱንም መዝግቢ። ማሽን ላይ ራሷን የሳተችው ልጅ ቁርስ በልታ ነበር? ጥቂት ወር ስትቆዪ ለአለቃሽ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪ። አንድ ገጽ ብቻ፤ ከዚያ በላይ አያነብልሽም። የቁርስ ዳቦና ሻይ ወይም የሌሊት ሰርቪስ አዲስ ሠራተኛ ደጋግሞ ከማሠልጠን ይረክስ እንደሆነ በብር አስልተሽ አሳዪው። ማኅበራዊውን፣ ኢኮኖሚውንና ጤናውን አንድ ላይ ማየት ማለት ይኸው ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚከፍል ሰው አለ።

ስለ ጤናው ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በኩበት ጭስ ዓይኗ ሲያለቅስ የኖረች እናት ከተማ ገብታ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች። ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት ካልጠፋ። ግን ዳገቱን በእግሯ መውጣት ትታለች፣ ባጃጅ አለ። ወጡም ዘይትና ጨው በዝቶበታል። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ወረፋ ላይ እሷን ብታገኚያት አይግረምሽ። መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠች ሐኪሙ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም። አንቺ መጠየቅ ትችያለሽ። ምናልባት ጸበል ጀምራ ይሆናል። መጽሐፉ ዘመናዊነት ሲመጣ ሃይማኖት ያፈገፍጋል ይላል አይደል? ጻድቃኔ ማርያም ሄደሽ እዪ፤ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰውን በአውቶቡስ እያመጣ የሚያራግፈው ያው ዘመናዊ የተባለው መንገድ ነው። ይህን በቃለ መጠይቅ ላይ በራስሽ አፍ ብታስረጂ የሚረሳሽ ጠያቂ የለም።

ሌላም በር አለ። እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሲሚንቶ ፋብሪካ አስቢው። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር መሬት ይወሰዳል፣ ካሳ ይከፈላል። በሬ ሸጦ ብቻ ብር የሚያውቅ ገበሬ ድንገት ብዙ ገንዘብ እጁ ላይ ይወድቃል። ከዚያስ? የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ማኅበራዊ ተጽዕኖውን የሚያጠናና የሚከታተል ባለሙያ እንዲኖረው ይጠየቃል። ያ ቦታ የሶሺዮሎጂ ልጅ ቦታ ነው። በከተማው ከተፈናቃዮች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችም ተመሳሳይ ሰው ይፈልጋሉ። ሁሉም ግን «ልምድ» ይላሉ። ፋብሪካ ግቢ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

ማታ ማታ ኤስፒኤስኤስሽን፣ ያን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር፣ አድሺው። ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ መጠይቅ መሥራት ተማሪ፤ ስልክሽ ይበቃል። መረጃ ሰብሳቢ ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠራው እሱን የሚያውቅ ነው።

ሲቪሽንም ቀይሪው። «ዘመናዊነት በማኅበረሰቡ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። «የቤተሰብ መጠይቅ አዘጋጅቼ፣ ቤት ለቤት ሰብስቤ፣ በኤስፒኤስኤስ ተንትኛለሁ» በይ። ስንት ቤት እንደሆነ ቁጥሩን ጨምሪበት። እውነተኛውን ቁጥር ታዲያ።

ማስተርሱን በጤና ማለትሽ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ቸኩለሻል ነው የምልሽ። የኅብረተሰብ ጤና ብዙ ቦታ የመጀመሪያ ዲግሪው ከጤና እንዲሆን ይፈልጋል። መስፈርቱን ከሬጅስትራር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቂ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም አለ። ደግሞ «ጤና ሥራ አለው» የሚባለው ወሬ የድሮ ነው፤ ዛሬ ሥራ ፈልጎ ያጣ የጤና ተመራቂ ጥቂት አይደለም።

ደሞዙን በተመለከተ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ አገራችን ውስጥ የለም። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ምሳ፣ ሰርቪስና ፈረቃ በውሉ ላይ እንዲጻፉ ጠይቂ። የሙከራ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከዚያ ካለፍሽ በኋላ ስለ ጭማሪ ማንሳት ነውር የለውም። ያን አንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ። ኪራይ እስካልከፈልሽ ድረስም በዚህ ደሞዝ ትችያለሽ፤ ለአክስትሽ የአስቤዛ ድርሻሽን አትርሺ።