መልስ፦ ለእንግሊዝኛ ፈተና በብሉቱዝ ማዳመጫ ስለማመድ ቀረጻዬ ለምን ይታፈናል?

ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም። የብሉቱዝ ማዳመጫ ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ ሁነታ ይቀየራል፤ ያኔ የምትቀዳውም የምትሰማውም ጥራቱ ይወርዳል። ቀድመው የሚጠፉት እንደ ኤስ እና ኤፍ ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ሊስኒንግ (የማዳመጥ ክፍል) ላይ የብዙ ቁጥሯ ኤስ የምታመልጥህ ለዚህ ነው።

ባለገመድ የዩኤስቢ ሄድሴት ተጠቀም (ከቤት የምትፈተን ከሆነ ግን ሄድሴት የሚከለክሉ ፈተናዎች ስላሉ ደንቡን አንብብ)። ማይኩን ከአፍህ ጥግ ሁለት ጣት ያህል አርቀው። ፊት ለፊት ከሆነ ፒ እና ቲ ስትል ትንፋሽህ ይመታዋል።

ፒቲኢ (በኮምፒውተር የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ፈተና) ላይ ተጠንቀቅ፦ ከ3 ሰከንድ በላይ ዝም ካልክ ቀረጻው ይዘጋል፤ ማይኩ በደንብ ካልያዘልህ እያወራህም ዝምታ ሊመስለው ይችላል። በማይክ ፍተሻው ድምፅህን መልሰህ ሳትሰማ አትለፍ፤ ካልጠራ እጅህን አውጣና ሄድሴቱን አስቀይር።