ማግኔት እንዴት ያንሳፍፋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ከተቃጠሉ ስፒከሮች ያወጣኋቸውን ቀለበት ማግኔቶች ተመሳሳይ ዋልታቸውን ፊት ለፊት አድርጌ አንዱን በሌላው ላይ ለማንሳፈፍ ብሞክር አልሆነልኝም። የላይኛው ወዲያው ይገለበጥና ከታችኛው ጋር ይጣበቃል። እርሳስ ላይ ስሰካቸው ግን ይንሳፈፋሉ። ማግኔቶቼ ደካማ ስለሆኑ ነው? ብዙ ቶን የሚመዝን ባቡርስ እንዴት ሊንሳፈፍ ቻለ?

መልስ፦ የማግኔቶችዎ ጉልበት አላነሰም። እርሳሱ ላይ ሲሰኩት የላይኛው ቀለበት ከፍ ብሎ መቆሙ ክብደቱን የሚሸከም ኃይል መኖሩን ያሳያል። እርሳሱ ክብደቱን አይሸከምም፤ ወደ ጎን እንዳይሸሽና እንዳይገለበጥ ብቻ ይይዘዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ኧርንሾ እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው ጥናት ከደረሰበት ሕግ እንደምንረዳው፣ ቋሚ ማግኔቶችን በየትኛውም አቀማመጥ ብንደረድራቸው ሌላ ቋሚ ማግኔትን በአየር ላይ አርግተው ሊይዙ አይችሉም፤ የላይና የታቹ ሚዛን ቢጠበቅ የጎኑ ይፈርሳል፣ የጎኑ ቢጠበቅ የላይና የታቹ ይፈርሳል። በመሶብ ክዳን ጫፍ ላይ ብይ ለማስቀመጥ እንደመሞከር ነው፤ ሚዛኑ የሚገኝበት ነጥብ በእርግጥ አለ፣ ነገር ግን ብዩ ከዚያ ነጥብ በፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለ የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ ማግኔቶቹን በብዙ እጥፍ ቢያበረቷቸው የላይኛው የባሰ ፈጥኖ ይገለበጣል እንጂ አይረጋም።

የኧርንሾ ሕግ የሚመለከተው ግን ጉልበቱ የማይለወጥና ከቦታው የማይንቀሳቀስ ማግኔትን ነው። መሐንዲሶች የገቡትም በዚሁ ክፍተት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የማግኔቱን ጉልበት በየቅጽበቱ መለዋወጥ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1934 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ከብዙ ዘመን በኋላም በሻንጋይ ሥራ ላይ የዋለው ባቡር የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። የባቡሩ ታችኛው አካል የመንገዱን ግራና ቀኝ ጠርዝ አቅፎ ወደ ሥሩ ይታጠፋል፤ በታጠፈው ክፍል ላይ ያሉት ኤሌክትሮማግኔቶች (ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ማግኔት የሚሆኑ ጥቅል ሽቦዎች) ከበላያቸው ወዳለው ብረት ሲሳቡ ባቡሩንም ይዘውት ይነሣሉ። እንግዲህ ይህ ባቡር የሚነሣው በመሳብ እንጂ በመገፋት አይደለም። ሳቢ ማግኔት ወደ ብረቱ በቀረበ ቁጥር ይበረታል፣ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ለራሱ ቢተው ወይ ከብረቱ ጋር ይላተማል ወይ ይወድቃል። ስለሆነም ክፍተቱ በሴኮንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ በሴንሰሮች ይለካል፤ ሲጠብ የኤሌክትሪኩ መጠን ይቀነሳል፣ ሲሰፋ ይጨመራል፤ በዚህም ክፍተቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይጠበቃል።

ይህን በትንሹ በሱቅዎ ሊሠሩት ይችላሉ። በብረት ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ኮይል ከላይ ይስቀሉ፤ ከሥሩ አንዲት አነስተኛ የብረት ኳስ ልትንሳፈፍበት በሚገባው ቦታ በአንድ በኩል ኤልኢዲ፣ በሌላው በኩል ብርሃን የሚለይ ትራንዚስተር ያቁሙ። ኳሷ ከፍ ስትል ብርሃኑን ትጋርዳለች፣ ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፤ ዝቅ ስትል ብርሃኑ ይጨምራል፣ ኤሌክትሪኩም አብሮ ይጨምራል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሰርኪዩቱ የኳሷን ቦታ ብቻ የሚከተል ከሆነ ኳሷ እየተንቀጠቀጠች ትወድቃለች፤ የምትንቀሳቀስበትን ፍጥነትም ማወቅ አለበት። ከሴንሰሩ በሚመጣው መስመር ላይ ካፓሲተርና ሬዚስተር በትክክል ከተጨመሩ ግን ሰርኪዩቱ ለውጡን ቀድሞ ይሰማል፣ ኳሷም ትረጋለች።

ሁለተኛው መንገድ እንቅስቃሴ ነው። በጃፓኑ ባቡር ላይ በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች የቀዘቀዙ ኒዮቢየምና ታይታኒየም ከተባሉ ብረቶች የተሠሩ ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ በዚህ ቅዝቃዜ ሽቦው ለኤሌክትሪክ አንዳች ተቃውሞ ስለሌለው ማግኔቱ እጅግ ብርቱ ይሆናል። ባቡሩ ሲከንፍ እነዚህ ማግኔቶች በመንገዱ ግድግዳ ውስጥ በተቀበሩ ጥቅል ሽቦዎች ላይ ኤሌክትሪክ ያስነሣሉ፤ ያ ኤሌክትሪክ መልሶ ባቡሩን ያነሣዋል፣ መሐል መንገዱንም ያስይዘዋል። ያለ ሴንሰር በራሱ የሚረጋ በመሆኑ ክፍተቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሰፋ ችሏል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ለሚበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባቡሩ በዝግታ ሲሄድ ግን የሚነሣው ኤሌክትሪክ አይበቃውም፤ ስለዚህ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ በጎማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2015 በያማናሺ የሙከራ መስመር ላይ በሰዓት 603 ኪሎ ሜትር የሮጠው የዚህ ዓይነቱ ባቡር ነው።

ጥያቄ፦ በአዘዞ መምህር ነኝ። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ እንዲህ ያለ ባቡር ቢኖረን መንገዱ የሁለት ሰዓት ይሆን ነበር ብዬ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ለእኛ አገር ይሆናል?

መልስ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው፤ ለመሬታችን አቀማመጥም የሚመች ጠባይ አለው። ተንሳፋፊ ባቡር ሐዲድ በመቆንጠጥ ስለማይሄድ ተራ ባቡር የማይደፍረውን ዳገት ይወጣል፤ የጀርመኑ ዓይነት በ100 ሜትር 10 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ሆኖም ለእኛ አሁን አይሆንም እላለሁ። በዚህ ባቡር ሞተሩ መንገዱን ሙሉ ተዘርግቶ የሚገኝ ነው፤ እያንዳንዱ ሜትር በጥቅል ሽቦ የተሞላ፣ በሚሊ ሜትር ልክ የተስተካከለ መሆን አለበት። ከሎንግያንግ መንገድ እስከ ፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የ30 ኪሎ ሜትር የሻንጋይ መስመር ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ጃፓን ከቶኪዮ እስከ ናጎያ የምትሠራው 286 ኪሎ ሜትር መስመር 86 በመቶው ዋሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2027 ሊከፈት ታቅዶ የነበረው ወደ 2034 ወይም ከዚያ በኋላ ተላልፏል። ፍጥነቱም በነፃ አይገኝም፤ ሰበቃው ቢጠፋም የአየሩ ግፊት አይጠፋም፣ እርሱም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደኝ የጭነቱ ነገር ነው። በእኛ በኩል ከመተማ የሚወጣው ሰሊጥ፣ ከወደብ የሚመጣው ማዳበሪያና ነዳጅ በርካሽ የሚጓጓዝበት መስመር ያስፈልገናል፤ ለዚህም ከአዲስ አበባ ጅቡቲ እንደተዘረጋው ያለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተራ ሐዲድ ይሻላል። ተማሪዎችዎ ስሌቱን እንዲቀጥሉበት ግን አጥብቄ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ይህ ዘዴ ከባቡር ውጭ ምን ጥቅም ይሰጣል?

መልስ፦ ከሙያዎ ልጀምር። ልባቸው ለደከመ ሕሙማን ደም እየገፋ የሚያግዘው ሃርትሜት 3 የተባለው ፓምፕ የሚሽከረከረው ክፍል በማግኔት ተንሳፍፎ፣ ምንም ሳይነካ ይዞራል። በቀድሞዎቹ ፓምፖች ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ከመደገፊያው ጋር በሚነካካበት ቦታ የደም ሕዋሳት ይቀጠቀጡ፣ ደምም ይረጋ ነበር። በአዲሱ ክፍተቱ ሰፊ በመሆኑ ደሙ በነፃነት ያልፋል፤ ከቀድሞው ዓይነት ጋር ሲነጻጸርም በፓምፑ ውስጥ የሚረጋ ደም እጅግ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የመጀመሪያውን ፈቃድ አግኝቷል።

በቤተ ሙከራ ደግሞ የቀለጠ ብረት ከማቅለጫው ዕቃ ጋር ሳይነካካ እንዲጠና በኮይል መካከል ይንሳፈፋል፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያሞቀዋልም፣ ያነሣዋልም። የፊዚክስ ሊቁ አንድሬ ጋይምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ በ16 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት መስክ ብርታት መለኪያ ነው) የማግኔት መስክ ውስጥ ሕይወት ያላት እንቁራሪት አንሳፍፈዋል፤ ውኃ በደካማ ሁኔታም ቢሆን ማግኔትን የሚሸሽ በመሆኑ ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የመሬትን ስበት የሚለካው መሣሪያ ነው። በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘች የኒዮቢየም ሉል በማግኔት መስክ ላይ ተንሳፍፋ ትቀመጣለች፤ ስበቱ ከቢሊዮን አንድ እጅ ባነሰ መጠን ቢለወጥ እንኳ ሉሏ ስትንቀሳቀስ ይታወቃል። በዚህም የጨረቃ ስበት ደረቁን ምድር ራሱን በየቀኑ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ ከዝናብ በኋላም የከርሰ ምድር ውኃ ሲጨምር ጉድጓድ ሳይቆፈር ይለካል።