ከ911 በፊት ሌላም በር አለ

እህት ወይም ወንድም ሌሊቱን ሳይተኛ ሲከርም፣ ብቻውን ሲያወራ፣ ምግቡን "መርዝ አለበት" ብሎ ሲመልስ፣ አሜሪካ ያለን ሐበሾች ወይ ገመናችን እንዳይወጣ ብለን ዝም እንላለን፣ ወይ 911 እንደውላለን። መሃል ላይ ሌላ አማራጭ አለ።

ክራይሲስ ሬዚደንሻል ይባላል። የአእምሮ ሕመም የበረታበት ሰው በሆስፒታል ፈንታ የሚያርፍበት፣ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ጥቂት አልጋ ያለው ቤት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ16 አልጋ አይበልጥም። ታማሚው ወዶና ፈቅዶ ይገባል። የራሱን ልብስ ይለብሳል፣ ከሌሎች ጋር ማዕድ ይቀርባል። ሠራተኞች ሌት ተቀን አሉ፣ መድኃኒቱን ይከታተሉለታል። ቆይታው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ፒር ረስፓይት የሚባልም አለ፤ እዚያ የሚያስተናግዱት ራሳቸው በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ናቸው። ማሳቹሴትስ ያለው አፊያ እስከ 7 ሌሊት በነፃ ያሳድራል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሎረን ሞሸር የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ሶቴሪያ የተባለውን ቤት ሳን ሆሴ ውስጥ ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። እስራኤል ያላችሁም ኩፓት ሆሊማችሁን (የጤና መድን ድርጅታችሁን) "ባይት መአዜን" ስለሚባለው ተመሳሳይ ቤት ጠይቁ።

አሜሪካ ውስጥ እዚህ ቤት ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ምርመራ ይደረጋል። ለአእምሮ ጤና ቀውስ የተዘጋጀውን ስልክ 988 ደውሉ፣ ወይም የካውንቲያችሁን ክራይሲስ ሴንተር ፈልጉ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላላችሁ፣ ሮክቪል ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክራይሲስ ሴንተር 24 ሰዓት ክፍት ነው፤ ያለ ቀጠሮ ይገባል። "ሆስፒታል ሳይገባ የክራይሲስ አልጋ ይገኛል ወይ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ።

አስተርጓሚም ጠይቁ። እባካችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ! የ13 ዓመት ልጅ እናቱን "ራስሽን ማጥፋት አስበሻል ወይ ይሉሻል" ብሎ ሲጠይቅ ምን እንደሚሰማው አስቡት። እናትየውስ ለልጇ እውነቱን ትናገራለች?

ጸበል የሚወስድ ካለም ይውሰድ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

መሣሪያ ከያዘ፣ ራሱን ወይም ሰው ሊጎዳ ከተነሣ ግን ይህ ቤት አይሆንም። ያኔ 911 ደውሉ፤ የአእምሮ ሕመም መሆኑን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሲአይቲ (የአእምሮ ሕመምተኛን አያያዝ) የሠለጠነ ፖሊስ እንዲላክ ጠይቁ።

ከቤቱ ሲወጣ ደግሞ ቀጣዩ የሐኪም ቀጠሮ በእጁ ይሁን። ቀኑ ከራቀ ሳይወጣ እንዲያቀርቡለት ወጥራችሁ ያዙ።