«ለጀማሪ ይሆናል» የተባለው ገደል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ የምኖር አስተማሪ ነኝ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ይኖራል። ቪዛ ተመትቶልኛል፣ በመስከረም እሄዳለሁ። እሱ ደግሞ ዛዮን ፓርክ ወስዶ በገመድ የሚወረድ ጠባብ ሸለቆ ሊያስገባኝ ቆርጧል። «ኪሆል ይባላል፣ ለጀማሪ ነው፣ መውረጃዎቹ አጫጭር ናቸው፣ አትፍራ» ይለኛል። እኔ ገመድ ይዤ የማውቀው ከጉድጓድ ውሃ ስቀዳ ብቻ ነው። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ግባ እንጂ! ቪዛ በስንት ልመና በሚገኝበት ዘመን እዚያ ድረስ ሄዶ በር ላይ መመለስ ደስ አይልም። እኔም ዩታ በነበርኩበት ጊዜ ቅዳሜና እሁዴ የሚያልቀው በእነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ ነበር። ግን የአክስትህ ልጅ ያልነገረህ ነገር አለ።

መጀመሪያ ቦታውን ልንገርህ። የእኛን አባይ በረሃ በአእምሮህ ይዘህ እንዳትሄድ። ደጀን ላይ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ማዶው ጎሐ ጽዮን ነው፤ መሀሉ ሰፊ፣ ሰማዩም ሰፊ። ኪሆል ግን ስንጥቅ ነው። አንዳንዱ ቦታ ክንድህን ሙሉ በሙሉ ሳትዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካለህ። በጎንህ ሆነህ እየተሽሎከለክህ የምታልፍበትም አለ። ድንጋዩ አሸዋ ድንጋይ ነው። እንደዚያ ሰርስሮ ያጠበበውና ያለሰለሰው ደግሞ ጎርፍ ነው። ጎርፉ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

እዚያ አገር ሸለቆዎችን በቁጥርና በፊደል ይመድቧቸዋል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 4 ይሄዳል። 1 በእግር ብቻ የሚኬድ ነው፤ 2 ላይ እጅም ያስፈልጋል፤ 3 ያለ ገመድ አይሆንም፤ 4 ጥርሱን ለነቀለበት ሰው ነው። ፊደሉ የውሃው ነው። ኤ ማለት ደረቅ ወይም ትንሽ ውሃ፣ ቢ ማለት ዋና የሚጠይቅ የቆመ ውሃ፣ ሲ ማለት የሚፈስ ውሃ። ኪሆል 3 ቢ ነው። ዋና ትችላለህ? ደብዳቤህ ላይ የለም። መጨረሻው አካባቢ በጠባቡ መሀል የሚዋኝ ውሃ አለ። ፀሐይ ስለማያገኘው በበጋም አጥንት ድረስ ይበርዳል፣ ዌትሱት የሚባል ሙቀት የሚይዝ የውሃ ልብስ ይለበሳል። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ይዘህ እንዳትሄድ፤ ጥጥ ከረጠበ እዚያ ውስጥ አይደርቅም።

ምደባው የሚነግርህ ይህን ነው፤ የገመዱ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ውሃው ምን ዓይነት እንደሆነ። በዚያ ቀን ይዝነብ አይዝነብ አይነግርህም። መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. እኛ የእንቁጣጣሹን ድግስ ገና ሳንጨርስ፣ 7 ሰዎች ኪሆል ገቡ። ይኸው አንተ የምትሄድበት ኪሆል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፣ ጎርፍ ደረሰባቸው፣ አንድም ሰው በሕይወት አልወጣም። በዚያው ዝናብ አቅራቢያው ያለው የቨርጂን ወንዝ በ15 ደቂቃ ውስጥ በሰከንድ ከ1.5 ሜትር ኪዩብ ገደማ ተነስቶ ወደ 74 ገደማ አሻቀበ። የጠዋቱ ትንበያ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ተናግሮ ነበር።

ሌላም አለ። ነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. አሪዞና ውስጥ አንቴሎፕ በሚባል ሸለቆ 11 ጎብኚዎች በጎርፍ አልቀዋል። ይኼኛው ጭራሽ ገመድ የሚጠይቅ አይደለም፣ ሰው በመሰላል ወርዶ ፎቶ የሚነሳበት ነው። ከባዱ ዝናብ የጣለው እነሱ ከነበሩበት ርቆ ላይኛው አገር ነው።

ይህን ለማርቆስ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ደራሽ ውሃ ታውቃለህ። ከተማው ፀሐይ ሆኖ ጮቄ ላይ ከዘነበ ጨሞጋ ደፍርሶ ከተፍ ይላል። የእኛ እረኛ ከብቱን ከማሻገሩ በፊት ቀና ብሎ የሚያየው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የተራራውን ነው። አንተም እንደዚያ አድርግ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ዳር ላለው ወንዝ ነው፤ ጨሞጋ ሲሞላ ሮጠህ ዳገቱን ትይዛለህ። ስንጥቁ ውስጥ ዳር የሚባል ነገር የለም፣ ማሳሳቂያ ጊዜም የለም።

ወደ ኋላ መመለስም የለም። ይህን ብዙ ጀማሪ አያውቅም። ገመዱ ከላይ ድንጋዩ ላይ ከተመታ ወይም ከታሰረ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ሁሉም ከወረደ በኋላ አንዱን ጫፍ ይስቡታል። ሌላኛው ጫፍ እየተሳበ ይወጣና ቀለበቱን አልፎ ጧ ብሎ እግርህ ሥር ይወድቃል። ይኸው ነው፤ በሩ ተዘጋ። ከኋላህ ያለውን ለስላሳ ግድግዳ ማንም አይወጣውም፣ መውጫው ወደፊት ብቻ ነው። ስለዚህ የመግባትና የመቅረት ጉዳይ የሚያልቀው ከላይ፣ ገመዱ ሳይሳብ ነው።

የአክስትህን ልጅ ሦስት ነገር ጠይቀው። ፈቃድ ከፓርኩ አውጥተሃል? ዛዮን ውስጥ ገመድ የሚጠይቅ ሸለቆ ያለ ፈቃድ አይገባም። የዕለቱን የጎርፍ ትንበያ የሚያየው ማነው? ደመና ካየን ትተነው ምሳ እንበላለን ወይ? ሦስተኛውን ሲሰማ ፊቱን እየው። ከተቆጣ አብረኸው አትግባ። መስከረም እዚያ የዝናብ ማዕበል ገና ያልጠፋበት ወር ነው፤ ቀኑን ገፋ አድርጋችሁ ሰማዩ ሲጠራ ብትሄዱ ይሻላል።

አሁን ወደ ገመዱ። ሃርነስ የሚባለው መታጠቂያ ወገብህንና ሁለቱን ጭንህን ይይዛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእሱ ይመስለኛል። ቀስ ብለህ ታጠቅ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ዘለበቱን በእጁ ጎትቶ ይይልህ። አንተም የእሱን እይለት። በዓይን ብቻ አይሆንም፣ በእጅ ነው። ከሃርነሱ ፊት ለፊት ካራቢነር የሚባል የሚቆለፍ የብረት መንጠቆ አለ፣ እሱ ላይ ገመዱ የሚጠመዘዝበት መውረጃ ብረት ይንጠለጠላል፤ አብዛኛው ጊዜ የስምንት ቁጥር ቅርጽ አለው። ገመዱ በብረቱ ዙሪያ ሲሄድ ይፋተጋል፣ ፍጥነትህን የሚይዘው ያ ፍትጊያ ነው። ቀኝ እጅህ ከዳሌህ በታች ገመዱን ጨብጦ ይቀመጣል። ይህ እጅ አይለቅም። ፊትህን ዝንብ ቢያርፍበት አይለቅም። ለዝንቡ ግራ እጅህ አለልህ።

አስቸጋሪው ቦታ ጠርዙ ነው። ከዚያ በታች ያለው ጨዋታ ነው። ጠርዙ ላይ ጀርባህን ለገደሉ ሰጥተህ ስትቆም ሰውነትህ በሙሉ «ድንጋዩን እቀፍ» ይልሃል። ካቀፍከው እግርህ ከሥርህ ይንሸራተትና ጉልበትህንና አገጭህን ግድግዳው ላይ ትፍቃለህ። እንቢ በለው። እግርህን በትከሻህ ልክ ክፈት፣ መጀመሪያ ገመዱ እስኪወጠር ክብደትህን ስጠው፣ ከዚያ በርጩማ ላይ እንደምትቀመጥ ወደ ኋላ ተቀመጥ። እግርህ ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ ሲያርፍ ጫማህ ይይዛል። ያን ጊዜ በቀኝ እጅህ ገመዱን በጥቂት በጥቂቱ ትለቃለህ፣ ትወርዳለህ። ሰው እዚህ ላይ ሲስቅ ነው የማየው።

የአክስትህ ልጅ አንድ ነገር ያድርግልህ። ከአንተ በፊት የሚወርደው ሰው ታች ቆሞ የገመዱን ጫፍ ይያዝ። አንተ ከላይ ገመዱ ከእጅህ ቢያመልጥህ እሱ ገመዱን ቁልቁል ወጠር ሲያደርገው ብረቱ ይነክሳል፣ ባለህበት ትቆማለህ። ጀማሪ ያለዚህ መውረድ የለበትም። መሬት ስትደርስ ራስህን ከገመዱ ፈትተህ «ገመድ ነፃ!» በል። በአማርኛ ተስማሙበት፣ ማን ይከለክላችኋል? ሸለቆው ድምፅ ያንቀረቅባል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ያለው ሰው አይሰማውም።

አትዝለል። ጥልቅ የሚመስለው ኩሬ ባለፈው ጎርፍ ድንጋይ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው ከስንጥቅ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ እስኪ አስበው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ቡሬ ነው ያለሁት። የ19 ዓመት ልጄ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ከጓደኞቹ ጋር ከፏፏቴ በገመድ እንወርዳለን ብሎ ተነስቷል። ከገበያ የጭነት መኪና ገመድ ገዝተዋል። ብከለክለው ተደብቆ ይሄዳል። ምን ላድርግ እናቱ?

መልስ፦ እንደምን አሉ እመቤቴ። አይከልክሉት፤ እንዳሉት ተደብቆ ይሄዳል። ገመዱን ግን ይውሰዱበት።

የጭነት ገመድ ጭነት ለማሰር ጥሩ ነው። የፕላስቲኩ ገመድ ግን በብረት ላይ ሲፋተግ ይሞቃል፣ ከሞቀ ይለሰልሳል፣ ሲብስም ይቀልጣል። የቃጫውም ቢሆን አይሆንም፤ ሲረጥብና ሲደርቅ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለዚህ ሥራ የሚሠራ ገመድ ሁለት ክፍል አለው፤ ውስጡ ሸክሙን የሚሸከም ልብ፣ ውጪው የሚሸፍነው ሽመና። መለያው ላይ ኢኤን 1891 የሚል የአውሮፓ የጥራት ደረጃ ቁጥር ይጻፍበታል። ይህ የሌለበት ገመድ ላይ ሰው አይንጠለጠልም።

ከዚያ ደግሞ የእኛ ገደል የዩታ ገደል አይደለም። ላይኛው ድንጋያችን ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በስንጥቅ የተሞላ፣ ሲነኩት ቁራጩ የሚወልቅ። ዝንጀሮ ከላይ ሲያልፍ ራሱ ድንጋይ ይለቃል። ዋሻው ውስጥ ንብ አለ፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ከንብ መሸሽ አይቻልም። ዩታ ላይ ብዙው ቦታ ሰው ወርዶ ቀለበት መትቶበታል፣ እዚህ ልጅዎ ገመዱን የሚያስረው ራሱ ባመነው ድንጋይ ወይም ዛፍ ላይ ነው። ቢጎዳ ደግሞ ገመድ ይዞ የሚወርድለት ማን ነው? የሠፈሩ ሰው ነው፣ እሱም ያለ ሄልሜት።

ጎጃሜ በገመድ ገደል መሻገር አያውቅም ለማለት አይደለም። ከሞጣ በታች ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ መሀሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰው ወገቡን በገመድ እየታሰረ፣ ከዚህና ከዚያ ማዶ በቆሙ ጎበዞች እየተሳበ አባይን ሲሻገር ዓመታት አልፈዋል። ያ ግን መሻገር ግድ ስለሆነ ነው። ልጅዎ ግድ የለበትም፣ ጊዜ አለው።

እንዲህ ይበሉት፦ ፏፏቴው ይቆይ። መጀመሪያ ደረቅ፣ ከሁለት ሰው ቁመት የማይበልጥ ድንጋይ ላይ፣ የሠለጠነ ሰው ባለበት፣ በትክክለኛ ገመድና በሄልሜት ይማር። ተራራ የሚያስወጡ አስጎብኚዎችን ይጠይቅ፣ ገመድ የሚያውቅ ከመሀላቸው አይጠፋም። ውሃ ያለበት ቦታ የሚታሰበው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ጥቅምት ላይ አበባው ደስ ይላል፣ ወንዙ ግን ገና አልጎደለም።

እሱ ራሱ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ከእናት ይልቅ ከእኔ ቢጣላ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከፍታ እፈራለሁ፣ ዋና አልችልም፣ ክብደቴ 85 ኪሎ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ለእኔ ዓይነቷ ይሆናል? ወይስ አርፌ ልቀመጥ?

መልስ፦ ከሦስቱ የሚያሳስበኝ ዋና አለመቻልሽ ብቻ ነው። ጣና ዳር ተቀምጠሽ ዋና አለመቻል ደግሞ! እስክትማሪ ድረስ ኤ የተባሉትን፣ ውሃ የሌለባቸውን ምረጪ። ላይፍ ጃኬት ይረዳል፤ በጠባብ ቦታ ግን እንቅስቃሴ ያስቸግራል፣ ዋናንም አይተካም።

ክብደትሽን እርሺው። ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ወፈር ያለው ገመድ ከ2 ሺህ ኪሎ በላይ ይሸከማል። ገመድ የሚቆረጠው በሰው ክብደት ሳይሆን ስለታም ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲፈገፈግ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙን እዪ፣ ቦርሳ ወይም ጨርቅ ከሥሩ አንጥፊበት። ከበድ ያለ ሰው ብረቱ ላይ ተጨማሪ ፍትጊያ ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ይፈጥንበታል። ይህን ለሚያወርድሽ ሰው ኪሎሽን ሳትደብቂ ንገሪው፤ ገመዱን አንድ ዙር ጨምሮ ይጠመዝዝልሻል። ቀለል ያሉት ጓደኞችሽ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው «አልወርድም አለኝ» ሲሉ ታያቸዋለሽ።

ከፍታ መፍራት ጥሩ ነው። የሚፈራ ሰው ዘለበቱን ሁለት ጊዜ ያያል። የማይፈራውን ነው እኔ የምፈራው።

ፀጉርሽን ጠበቅ አድርገሽ ሄልሜቱ ሥር አስገቢው። ሻርፕና ነጠላ አይሆንም፤ መውረጃው ብረት ውስጥ አንዴ ከገባ ገመዱ ላይ ተንጠልጥለሽ መቀስ ፍለጋ ነው። ቀለበትና የእጅ አምባርም ቤት ይቀመጡ። ጫማው ሶሉ የማያንሸራትት፣ ክሩ የሚጠብቅ ይሁን፤ ሸራ ጫማ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።