የቼኳ አያት እና የሱሉልታው አያት

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ልጄ ‹አተንታት 1942› የሚባል የኮምፒውተር ጌም ይጫወታል። አንዲት የቼክ አሮጊት ስለ ናዚ ወረራ እየጠየቀ ያመሻል። አባቴ ደግሞ እዚያው ሳሎን ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። የአባቴ እናት የካቲት 12 ቤቷ ሲቃጠል እንጦጦን በሌሊት ተሻግራ ነው እዚህ የደረሰችው። ታሪኩን ከአፏ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ልጁ ግን አንድ ቀን ጠይቋቸው አያውቅም። ጌሙን ልከልክለው?
የልጅ አባት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ኧረ አይከልክሉት! እኔም ተጫውቼዋለሁ። ተኩስ የለበትም። የሠሩት የፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲና የቼክ ሳይንስ አካዳሚ ሰዎች ናቸው። ተጫዋቹ ወንድ አያቱ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ የጌስታፖ፣ እጅ ለምን እንደገቡ ከሴት አያቱ ያፈላልጋል። ገጸ ባሕርያቱ ፈጠራ ናቸው፤ መነሻቸው የታሪክ ጥናት ነው።

ነገሩም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ግንቦት 1934 ዓ.ም. ፕራግ ላይ የናዚው ገዥ ሃይድሪክ ቦምብ ተወረወረበትና ሞተ። ሊዲትሴ የምትባል መንደር በጥርጣሬ ብቻ ወደመች፤ 173 ወንዶቿ በአንድ ቀን ተረሸኑ። እኛ ጋ ቀድሞ፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። እሱ ቆስሎ ተረፈ፤ አዲስ አበባ ግን 3 ቀን ታረደች። በግንቦት ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ፤ ‹ወርዋሪዎቹን ደብቃችኋል› ተብለው። መንገዱ በእናንተው ደጅ ነው እኮ የሚያልፈው።

ልጅዎ አያቱን የማይጠይቀው ንቆ አይመስለኝም። ጌሙ ጥያቄውን ደርድሮ ያቀርብለታል፤ ሳሎን ውስጥ ማን ያቀርብለት? እኔም ተማሪ ሳለሁ ደብተር ይዤ አያቴን ‹እማማ፣ ጣሊያን ምን አደረጋችሁ?› አልኳት። ‹ምን ያላደረገን አለ› ብላ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አለቀ። ከዓመታት በኋላ ‹ያኔ እህል የት ትደብቁ ነበር?› አልኳት። እስከ እኩለ ሌሊት አወራችኝ። ጉድጓዱን በእበት እንደለቀለቁት፣ አፉ ላይ ጭድ ከምረው ጥጃ እንዳሰሩበት፣ ጥጃው ገመዱን በጥሶ ጉድ ሊያፈላ እንደነበር።

ትንንሹን ይጠይቅ። ቅድመ አያቱ ከቤት ምን ይዛ ወጣች? እንጦጦ ላይ ብርዱን በምን ቻለችው? ሱሉልታ ስትደርስ በር የከፈተላት ማን ነው? አባትዎ ከፈቀዱ በስልክ ይቅዳቸው። ‹ባንዳው ማን ነበር?› የሚለው ግን ለመጀመሪያው ቀን አይሆንም። የጎረቤት ስም ሊወጣ ይችላል፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬ ከእናንተ ጋር ዕድር ይቀመጡ ይሆናል።

ጌም መሥራት ካማረው ትዋይን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኮድ ባይችልም፣ አንባቢው እየመረጠ የሚሄድበትን ታሪክ በአማርኛ ይጽፍበታል። ሲጨርስ መጀመሪያ አያቱ ይጫወቱት። ‹እንዲህ አልነበረም› የሚሉበት ቦታ አይጠፋም። እሱንም ይቅዳው።