የጎረቤቴ ጉቶ እንጉዳይ አብቅሎ ጓሮዬን እያበላሸ ነው፣ መክሰስ እችላለሁ ወይ?

ጥያቄው የመጣው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ከሚኖር ወንድማችን ነው። ጎረቤቱ ከ3 ዓመት በፊት አጥሩ ጋር የነበረውን ትልቅ ኦክ አስቆረጠና ጉቶውን እዛው ተወው። አሁን ፎል (ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት) በመጣ ቁጥር ጉቶው ላይ የማር ቀለም ያለው እንጉዳይ ይበቅላል፣ ዛፉ በሕይወት እያለ የወንድማችንን ድራይቭዌይ (የመኪና መግቢያ) አንስቶ የሰነጠቀው ሥር ደግሞ እየበሰበሰ ሲሄድ መሬቱ መስመጥ ጀመረ፣ አጥሩ ጋ ያለው የወንድማችን ሜፕል ዛፍም እየደረቀ ነው። ጎረቤቱን ሲያናግረው «ዛፉ ሞቷል እኮ፣ እንጉዳይ የተፈጥሮ ነገር ነው» አለው።

ወንድሜ ሰላም ነህ? ጥያቄህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩልህ፣ የመጀመሪያ ቤትህ እንደሆነም ጽፈሃል። ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። ጎረቤትህ ስለ እንጉዳዩ ያለው ነገር ፍርድ ቤትም ሊሰማለት ይችላል፣ ስለዚህ ክርክርህን እንጉዳዩ ላይ አትጀምር። ያንተ ጉልበት ሥሩ ነው።

ለምን መሰለህ፣ የቨርጂኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2007 ፋንቸር እና ፋጄላ በሚባለው ጉዳይ ሕጉን ቀይሮታል። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የአንድ ታውንሃውስ ጎረቤት ስዊትገም ዛፍ ነበረው፣ ሥሩ የድጋፍ ግንቡን አንቀሳቀሰው፣ የፓቲዮውን ድንጋይ አነሳው፣ የፍሳሽና የውሃ ቱቦ ዘጋ፣ የቤቱን መሠረትም ነካ። ከዛ በፊት ከ1939 ጀምሮ የነበረው ደንብ ዛፉ «ጎጂ ዓይነት» ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር፣ ዳኞቹ እሱን ትተው የዛፍ ሥር ወይም ቅርንጫፍ በጎረቤት ንብረት ላይ እውነተኛ ጉዳት ካደረሰ ወይም ሊያደርስ ከተቃረበ ባለቤቱ ሊጠየቅ ይችላል አሉ። ጥላ ስለጣለ፣ ቅጠል ስላረገፈ ወይም ዝም ብሎ ድንበር ስላለፈ ብቻ ግን አይጠየቅም። የተሰነጠቀው ድራይቭዌይህ እዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። የሜፕልህ ጉዳይ ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የሚያደርቀው በሽታ ከሱ ጉቶ እንደመጣ ማስረዳት አለብህ፣ እሱ ቢረጋገጥ እንኳን ዳኛው የፋንቸርን ውሳኔ እስከ ፈንገስ ድረስ ይዘረጋዋል ብዬ ቃል አልገባልህም። (ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ይሄ ለእናንተ አይሰራም፣ እዛ በ1988 የተሰጠው ውሳኔ ድንበርህን ያለፈውን ራስህ ቁረጥ ነው የሚለው።)

ጊዜውን ተጠንቀቅ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለንብረት ጉዳት መክሰሻው 5 ዓመት ነው፣ አንተ ደግሞ ስንጥቁ በየትኛው ዓመት እንደጀመረ አልጻፍክልኝም። ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ስለሆነ ሰዓቱ እየሮጠ ነው። ስልክህ ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ፈልግ፣ የልጆች ልደት ላይ የተነሳችሁት ፎቶ ከኋላው ድራይቭዌዩ ይታይ ይሆናል፣ ቀን ያለው ፎቶ ከመቶ ምስክር ይበልጣል።

ከዛ ቤቱን ስትገዛ የተሰጠህን ፕላት (የቦታህን ድንበር የሚያሳየውን ካርታ) አውጣና ጉቶው በሙሉ የሱ መሬት ላይ መሆኑን እይ። ድንበሩ ላይ ከቆመ በአብዛኛው የጋራችሁ ነው የሚባለው፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። የእንጉዳዩን ነገር ደግሞ በግምት አትተወው። አርሚላሪያ የሚሉት ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ ከሆነ ቅርፊቱ ሥር ነጭ ስስ ሽፋን፣ አፈሩ ውስጥ ደግሞ የጫማ ማሰሪያ የመሰለ ጥቁር ክር ታገኛለህ፣ በዛ ክር ነው ከሞተው ጉቶ ወደ ሕያው ሥር የሚሻገረው። በካውንቲህ ኤክስቴንሽን ቢሮ (የግብርናና የአትክልት ምክር ቢሮ) በኩል ናሙና ወደ ቨርጂኒያ ቴክ የዕፅዋት በሽታ ክሊኒክ መላክ ትችላለህ። የሚገድለው መድኃኒት የለም፣ የሚረዳው ጉቶውንና ወፍራም ሥሮቹን ማውጣት ነው፣ በግራይንደር ሲፈጩትም ፍርፋሪውን እዛው እንዳይቀብሩት፣ ይዘውት ይሂዱ።

አንተ ጋ የገባውን ሥር እስከ ድንበሩ ድረስ በራስህ ወጪ መቁረጥ መብትህ ነው፣ ማንንም አታስፈቅድም። አንዲት ስንዝር ግን እንዳታልፍ! ማታ ሄዶ ጉቶው ላይ ኬሚካል ማፍሰስ የሚባል ነገር እንዳታስብ፣ ኬሚካሉ በሥር በኩል ወደ ሌላ ሕያው ዛፉ ከሄደ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ። ከመቆፈርህ በፊት 811 ደውል፣ ነፃ ነው፣ የጋዝና የመብራት መስመሩን ምልክት ያደርጉልሃል። ኢንሹራንስህ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርግ፣ አብዛኛው የቤት ፖሊሲ ብስባሽና ፈንገስን አይሸፍንም።

ክስ ካስፈለገ እስከ 5,000 ዶላር ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክስ ችሎት) ያለ ጠበቃ ራስህ ትቀርባለህ፣ እስከ 50,000 ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው፣ ጉቶውን እንዲያወጣ ትዕዛዝ ከፈለክ ግን ሰርኪት ኮርት መሄድ አለብህ፣ እሱ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

እኔ ብሆን ከዛ በፊት አንድ አጭር ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩና መድረሱ የሚመዘገብ ፖስታ) እልክለት ነበር። የድራይቭዌዩን ፎቶ አያይዘህ፣ የኮንትራክተር ግምት ጨምረህ፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ስጠኝ በለው፣ ስድብም ማስፈራሪያም አታስገባበት ምክንያቱም ዳኛው ያነበዋል። ጥሩ ሰው ነው ስላልከኝ ወጪውን ለሁለት እንካፈል ብለህ ብትጠይቀው አይከፋኝም፣ ከተስማማ ግን ማን ስንት እንደሚከፍልና ሠራተኞቹ ሁለቱም ጓሮ መግባት እንደሚችሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት።